ሲሚንቶ የለበሰው የጭቃ ቤት

ሰኔ 21፣ 2016

በሽተኛው፦ ቤት። አድራሻ፦ ከሁሩታ ከተማ ወጣ ብሎ። ዕድሜ፦ ከባለቤቱ በጥቂት ዓመት ይበልጣል። የሕመሙ ምልክት፦ በጓሮው ግድግዳ፣ ከበሩ በስተቀኝ፣ ከመሬት ተነስቶ ወገቤ ጋ የሚደርስ ስንጥቅ። ሌላ ሕመም፦ የለም።

ዕድሜዬን ሙሉ የላምና የበሬ ካርድ ስሞላ ኖሬ በጡረታዬ የቤት ካርድ ሞላሁ። ሚስቴ አማረች ብትኖር ስቃብኝ አታባራም ነበር። አገሬው "ዶክተር ምልኬሳ" ይለኛል እንጂ እኔ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ፤ ረዳት የሚለው ቃል ለማንም አይጥምም መሰለኝ። ለማንኛውም ክረምቱ እስኪወጣ ስንጥቁን እየተከታተልኩ እጽፋለሁ። ስለ ሌላ ነገር የመጻፍ ሐሳብ የለኝም።

ሰኔ 24

የበሽተኛውን ታሪክ መያዝ ያስፈልጋል። ቤቱን ያሠራው አባቴ ነው። የጽድ እንጨቱ ከጭላሎ ተራራ በበሬ እየተጎተተ መጣ። አናጢው መሐመድሰዒድ የሚባል የወሎ ሰው ነበር፤ ሥራውን ሲጨርስ አገሩ መመለሱን ትቶ እዚሁ አግብቶ ቀረ። የበረንዳውን ቋሚዎች አንገታቸውን እንደ ብርሌ አቅጥኖ የጠረባቸው እሱ ነው። መካከለኛውን ምሰሶ ሳቅፈው ዛሬም እጆቼ አይገናኙም። ግድግዳው እንጨት ተማግሮ በጭቃ የተመረገ ነው፤ ውፍረቱ ከስንዝር ስለሚበልጥ በበጋ ይቀዘቅዛል፣ በክረምት ይሞቃል። ማለቴ፣ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት በሲሚንቶ አስለሰንኩት። ልጄ ጉቱ አዳማ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለው፤ ሲሚንቶውንም ሠራተኞቹንም በመኪና ጭኖ የላከው እሱ ነው። አሁን ከመንገድ ላይ ሲያዩት የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ይመስላል። በጊዜው ያላደነቀ ሰው አልነበረም። በዓመቱ ጎረቤቴ ሆራ የቤቱን ፊት ለፊት አስለሰነ፤ ከሱ በታች ያሉትም ተከተሉ። ጀማሪው እኔ ነኝ ማለት ነው።

ሰኔ 29

ጉቱ ደወለ። ሁልጊዜ አንተ እንዴት ነህ ከማለቱ በፊት ቤቱ እንዴት ነው ይላል። ደህና ነው አልኩት። ስንጥቁን ብነግረው በማግስቱ አሸዋና ሲሚንቶ ጭኖ ከተፍ ይላል። ያ ባይሆን ደግሞ ሚስቱ ሶረቲ ያዘጋጀችልኝ ክፍል አለ፤ አልጋው ተነጥፎ ይጠብቀኛል። "ያ ቤት አንድ ነገር ከሆነ አዳማ ትገባለህ፤ ክርክር የለም" ብሎኛል። ደግ ልጅ ነው። የሚያስፈራኝም ደግነቱ ነው።

ስንጥቁ፦ እንደነበረ።

ሐምሌ 5

ጴጥሮስ ጳውሎስ። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ተመለስኩ። ሆራ ከወንዶቹ ጋር ቅጥሩ በር ላይ ቆሞ ነበር። ከሆራ ጋር ጥጃ አብረን የጠበቅን ነን፤ ዛሬም የሚለየን አንድ የገብስ ማሳ ብቻ ነው። ሰላም ተባባልን። ስለ ዝናቡ ሁለት ቃል፣ ስለ ማዳበሪያ ሁለት ቃል አወራን። ዞር ስል አንዱ "የዶክተሩ ቤት እኮ ሰው አይፈልግም" ሲል ሰማሁ። ሌሎቹ ሳቁ። ሆራ ይሳቅ አይሳቅ አላየሁም፤ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር።

ቅናት ነው።

ሐምሌ 6

ቅናት አይመስለኝም።

ሐምሌ 11

ሲዘንብ አደረ። ስንጥቁ ጣት ያስገባል። ግድግዳውን መታ መታ አደረግሁት። ከበሩ በስተግራ ድፍን፣ በስተቀኝ ባዶ። ሆዷ የተነፋ ላም ጎኗን ሲመቷት የምትሰጠው ድምፅ። ላም ብትሆን የማደርገውን አውቅ ነበር።

ሐምሌ 16

ከወረዳው የባህል ቢሮ ዘርፉ የምትባል ልጅ መጣች። የቆዩ የገጠር ቤቶችን እየዞረች ትለካለች፣ ፎቶ ታነሳለች። ጭቃው ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ደርሷል። ሻይ አፈላሁላት። ለሰው ሻይ ካፈላሁ ስለቆየሁ ስኳሩን ሁለት ጊዜ ጨመርኩበት መሰለኝ፤ ምንም ሳትል ጠጣችው።

የበረንዳውን ቋሚዎች ስታይ ፊቷ በራ። ምሰሶውን ዳበሰችው፣ እንደኔ አቅፋም ሞከረችው። ጓሮ ስንደርስ ግን ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች በጣቷ አንጓ መታችው፤ ከዚያ ከበሩ አጠገብ፣ በትከሻዋ ትክክል አንድ ቦታ ላይ ቆመች።

"አባባ፣ ጭቃ ውሃ ቢገባበትም በፀሐይ መልሶ ያወጣዋል" አለችኝ። "ሲሚንቶ ሲለብስ ግን የገባው ውሃ መውጫ የለውም። ውስጥ ለውስጥ ጭቃውን ያሟሟዋል፣ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። በዚህ ግድግዳ ውሃው የገባው እዚህ ጋ ነው። ሌላውን ቦታ ሲሚንቶው እንዲይዝ በዶማ ወጋግተውታል፤ እዚህ ጋ ሳይወጉት ለስነውበታል፣ ስለዚህ አልያዘም። ሠራተኞቹ ረስተውት ይሆን?"

ረስተውት ይሆናል አልኳት።

ሲሚንቶው ተልጦ እንደ ድሮው በጭቃ ከተመረገ ቤቱ ገና ብዙ ዘመን ይቆማል አለች። እንዲሁ ከተተወ ዘንድሮን ቢያልፍ ከርሞን አያልፍም። በዝናብ ደግሞ መላጥ አይቻልም፤ መስከረም እስኪጠባ ደግፎ መጠበቅ ነው። በበሽተኛው ፊት እንዲህ አይወራም ልላት አልኩና ተውኩት። ስትሄድ በሩ ድረስ ሸኘኋት፤ ከዚያም እስከ መንገዱ ሸኘኋት።

ሐምሌ 17

ሠራተኞቹ አልረሱትም። ተዉት ያልኳቸው እኔ ነኝ። ግድግዳውን ሁሉ በዶማ እየወጉ መጥተው ከጓሮው በር አጠገብ ሲደርሱ፣ ይሄን አትንኩት፣ እንዲሁ ለስኑበት አልኳቸው። ምክንያቱን አልጠየቁኝም። እዚህም መጻፍ አያስፈልግም።

የዚያን ቀን ነገር ግን አልለቀቀኝም። በፊት በየዓመቱ እህል ተወቅቶ ጭዱ ከተከመረ በኋላ ምርጊት ነበር። ባለቤቱ በየቤቱ ዞሮ ደቦ ይጠራል። ጭቃው ከጭድ ጋር ጉድጓድ ውስጥ ተቦክቶ እስኪሸት ይከርማል፤ ወንዶቹ ይረግጡታል፣ ሴቶቹ በመዳፋቸው ግድግዳው ላይ ያለሰልሱታል። አንድ ቀን የኔ ቤት፣ አንድ ቀን የሆራ፣ አንድ ቀን የሀጂራ። ሀጂራ ከአጥራችን ማዶ ያለችው ናት፤ እሷና አማረች ጎን ለጎን ቆመው ሲመርጉ ወሬያቸው ከጭቃው ቀድሞ ያልቅ ነበር የሚል አልተገኘም።

አማረች ባረፈችበት ዓመትም እንደ ደንቡ ዞሬ ጠርቼ ነበር። ጭቃውም ቦክቷል። ዋዜማው ላይ የጉቱ መኪና ደረሰ። በማግስቱ ጠዋት ሆራ ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ሀጂራ ቀሚሷን ሰብስባ ታጥቃ፣ ሌላውም ሰው ሲመጣ ግቢው ውስጥ የአዳማ ሠራተኞች ሲሚንቶ ያቦካሉ። ከእንግዲህ አትለፉም አልኳቸው፤ በየዓመቱ መድከም ቀረ፣ እኔንም ገላግሉኝ። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። ሆራ ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ጭቃ እግሩን ሳይነክር ቆሞ አየና "እንኳን ደስ ያለህ" ብሎኝ ሄደ። ጭቃው እዚያው ደረቀ።

እሷ በሌለችበት የሴቶቹን ሰልፍ ቆሜ ማየት ይከብደኛል ብሎ ለሰው መንገር ይቻል ነበር። ለነገሩ ምክንያቱ ያ አልነበረም። ለምቾት ነው።

ሐምሌ 26

ግድግዳው ወደ ውጭ አብጧል። ሦስት ባላ ቆርጬ መደገፍ ጀመርኩ። ሁለተኛውን ብቻዬን ሳቆም ተንሸራቶ ጉልበቴን መታኝ። ሀጂራ ከአጥሩ ማዶ ቆማ ታየኝ ነበር። ልጆቹን ልጥራልህ ወይ አለችኝ። ጨርሻለሁ አልኳት። ገና አንድ ባላ መሬት ላይ ተጋድሟል።

ጉልበቴ፦ አብጧል። እሱም እንደ ግድግዳው።

ነሐሴ 3፣ አዳማ

ጉቱ ሳይነግረኝ መጥቶ ሳነክስ ሲያይ መኪና ውስጥ ጨመረኝ። ሐኪም ጉልበትህን ይየው አለ። መኪናውን ስሰማ ጓሮ እንዳይሄድ በር ላይ ወጥቼ ተቀበልኩት፤ ቁርስ እንኳ ሳልሰጠው ተነሳን።

ሐኪሙ ይድናል አለኝ። ክፍሉ ንጹሕ ነው። ወለሉ ሴራሚክ ስለሆነ እንደ ጥጃ እግሬን አንፈርክኬ ነው የምሄደው። እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ሙቀቱ፣ ንፋሱ፣ የባጃጁ ጩኸት አለ። ወደ አርሲ በኩል ግን ደመናው ጥቁር ነው። ሶረቲ መቂ ካለችው እህቷ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማኋት፦ "ክፍሉንስ መች አዩት፤ ሰማዩን ብቻ ነው የሚያዩት።" እውነቷን ነው። አንድም ቀን ክፉ ቃል ያልወጣት ልጅ ናት፤ ምግብ ስታቀርብልኝ ትንሽ ቆማ እስክጎርስ ትጠብቃለች። እኔ ግን ከዚህ ቤት ውስጥ የማውቀው ዕቃ ድሮ ያመጣሁላቸው ገበቴ ብቻ ነው፤ እሱንም ጌጥ ነው ብለው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል።

ነሐሴ 5፣ አዳማ

ዛሬ ጉቱ መደብር ውዬ መጣሁ። ሲሚንቶውን እርጥበት እንዳይነካው ከመሬት ከፍ አድርጎ እንጨት ላይ ነው የሚደረድረው፤ ላስቲክ ያለብሰዋል። እናቱም እሱ ትንሽ ልጅ ሳለ እንዲሁ ነበር የምታለብሰው።

አንድ ሰው መጣ፤ አብደላ ይባላል፤ መቂ ሽንኩርት ያለማል። የእናቱን የጭቃ ቤት በሲሚንቶ ሊያስለስንላት አስቧል። ይይዛል ወይ ብሎ ጠየቀ። ጉቱ ወደኔ እያመለከተ "የኔ አባት ቤት ይኸው ሦስት ዓመቱ ነው፤ ንክች አላለም። አይደል አባዬ?" አለ።

ሁለቱም አዩኝ። ጉቱ ፊቱ ላይ ያለውን ኩራት ብጽፈው አይጻፍም።

አዎ አልኩ።

ሰውየው ሲሚንቶውን አስጭኖ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ፊቴን ሲያይ ጉቱ ጉልበቴ ያመመኝ መስሎት ወንበር አቀረበልኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልኩ ገበሬ ስቆጣ የኖርኩት ሰውዬ። የራሴን ደብቄ ዝም ብል አንድ ነገር ነው። አሁን ግን የማላውቃት አንዲት እናት ቤት ውስጥ በሽታውን አስገባሁት።

ነሐሴ 8፣ ሁሩታ

በሚኒባስ ተመለስኩ። ጉቱ ተቆጣ፤ ሶረቲ ድርቆሽ እንጀራ አስያዘችኝ።

ግድግዳው ቆሟል። ከላይ እስከ ታች ትልቅ ሸራ ተወጥሮበታል፣ ጫፉ በድንጋይ ተጭኗል። መሬት የተጋደመው ሦስተኛው ባላም ቆሟል። እኔ አላደረግሁትም። ሀጂራን ጠየቅኋት፤ ዝናብ ነበር ብላ ብቻ ስለ ዶሮዎቿ አወራችልኝ። ሸራው እህል የሚወቃበት ሸራ ነው፤ አንድ ጥጉ በቀይ ጨርቅ ተጥፏል። የት እንዳየሁት አስባለሁ።

ነሐሴ 13

ቡሄ። ለሆያ ሆዬ ልጆች ዳቦ ገዝቼ ነበር። ከሆራ ቤት ጅራፍ ሲያጮሁ፣ ከታች ሲዘፍኑ ሰማሁ። በኛ በኩል አልመጡም። መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ነው። በረንዳው ላይ እስኪመሽ ተቀምጬ ቆየሁ፤ መብራቱንም አብርቼዋለሁ።

ዳቦው ለሳምንት ይሆነኛል።

ነሐሴ 20

ወደቀ። ከበሩ በስተቀኝ የታችኛው ክፍል። ሲነጋጋ። መጀመሪያ ድምፅ፣ ከዚያ ብርድ። በር ይመስል ገብቶ የቆመ ብርሃን። እኔ ደህና ነኝ። አልጋዬን ወደ ሳሎን።

ነሐሴ 21

ጠጋ ብዬ አየሁት። ሲሚንቶው እንደ ቅርፊት ተሰብሯል፤ ከጀርባው ያለው ጭቃ ወጥ ሆኗል። ማገሩ የከሳ በሬ ጎድን ሆኖ ወጥቷል፤ ከእንጨቶቹ ከፊሎቹ በጣት ሲነኳቸው ይፈርሳሉ። ምስጡ በጨለማ ሲሠራ ከርሟል። የሚገርመው፣ የአባቴ ጽድ ያለበት ሁሉ ደህና ነው። ከላይ በበሩ አጠገብ ያቺ ያልተወጋችው ቦታም አልወደቀችም።

ሸራውን መልሼ ሸፈንኩት። ከመንገድ የሚያልፍ ሰው አያየውም። ማንም አልመጣም፤ ስላላወቁ ነው፤ እንዳያውቁ የሸፈንኩትም እኔ ነኝ። ብርድ ነው። ብቻዬን ነኝ። ይኸው ጻፍኩት።

መስከረም 1፣ 2017

ጉቱ እንኳን አደረሰህ ለማለት ደወለ። ልጆቹ አንድ በአንድ ስልኩን እየተቀባበሉ መልካም አዲስ ዓመት አሉኝ። ቤቱ እንዴት ነው ሲል ለመንገር አፌን ከፍቼ፣ የልጆቹን ሳቅ ከኋላ ስሰማ መልሼ ዘጋሁት። ከመስቀል በኋላ ና፣ የማሳይህ ነገር አለ አልኩት። ደስ ብሎት እሺ አለ። ጊደር የገዛሁ መስሎታል።

መስከረም 18

ጉቱ መጣ። ወደ ጓሮ ወስጄ ሸራውን ገለጥኩለት።

የወደቀውን በእጁ ነካካ። ከዚያ የሚያውቀውን መናገር ጀመረ፤ ብረት እናስገባለን፣ አሸዋውን እጥፍ እናደርጋለን፣ ከፍ ያለ ዓይነት ሲሚንቶ አለ እያለ። አስቆምኩት።

"ጉቱ፣ ቤቱን የበላው ሲሚንቶው ነው" አልኩት።

ዘርፉ ያለችኝን ሁሉ ነገርኩት። መደብሩ ውስጥ አዎ ያልኩት ውሸት እንደነበርም ነገርኩት። ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ትልቅ ሰው ነው፣ የሁለት ልጆች አባት፤ እንደዚያ አጎንብሶ ሲቀመጥ ግን ጥጃው የሞተበትን ልጅ ነው ያየሁት።

"እኔኮ እማዬ ከሌለች ማን ይመርግልሃል ብዬ ነው" አለኝ።

"እሷ ብቻዋን መች መርጋው ታውቃለች" አልኩት።

ስልኩን አውጥቶ አጥሩ ጋ ሄደና ያን የመቂ ሰው ፈልጎ አወራው። የተባባሉትን አልሰማሁም፤ ብቻ ሲመለስ ገና አልጀመሩም፣ መልሼ እወስድለታለሁ አለኝ። አዳማ ግባ አላለኝም። ጫማውን አውልቆ መሮ ፈለገ።

መስከረም 20

ስንልጥ ሦስተኛ ቀናችን። የተወጋው ቦታ እየተቆራረሰ፣ ጭቃውን ይዞ ነው የሚወጣው። ከበሩ አጠገብ ስንደርስ እኔ ልላጠው አልኩት ጉቱን። መሮውን ከጫፉ አስገብቼ ትንሽ ገፋ ሳደርገው እንደ ሰፌድ የሰፋ ሲሚንቶ ሳይሰበር ሙሉውን ተነቅሎ እጄ ላይ ወጣ። ዞር አድርገን አየነው።

የአማረች ጣቶች ናቸው። የመጨረሻዋ ምርጊት ላይ ከበሩ መቃን አጠገብ እንደ ልማዷ ክብ አድርጋ የሳበቻቸው መስመሮች ግድግዳው ላይ እንዳሉ አሉ፤ ሲሚንቶው ጀርባ ላይ ደግሞ ጎበጥ ጎበጥ ብለው ወጥተዋል። ሌላ ሰው ቢያየው የማንም ሴት እጅ ነው ይል ነበር። የሷ ግን ሦስት መስመር ብቻ ነው። ትንሿ ጣቷ አትታጠፍም፤ ወደ ላይ ቀርታ ግድግዳውን አትነካም። ኮርማ መርፌ ልወጋ ያዢልኝ ብያት ገመዱ የሰበራት ጣት ናት፤ የሰው አጥንት መጠገን አላውቅበትም ነበር፣ ጠምዝዞ ገጠመ።

ጉቱ በጣቱ እየነካ መስመሮቹን ተከተላቸው። "ትንሿ ጣቷ የለችም" አለ። ከዚያ ሲሚንቶውን በገዛ ሸሚዙ ጠቅልሎ መኪናው ውስጥ አስቀመጠው። ሁለታችንም አለቀስን፤ እሱ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ፣ እኔ ወደ ግድግዳው።

ያቺን ቦታ ያላስወጋሁት ለዚህ ነበር። ውሃውም የገባው በዚያው ነው። ምን ይባላል።

መስከረም 23

ጉቱ እንጨት ለማምጣት አዳማ ወረደ። እኔ ሆራ ቤት ሄድኩ። በገብሱ ማሳ ዳር ያለችው የእግር መንገድ ሣር በልቷታል፤ ድሮ በእኛ እግር ብቻ ራቁቷን የነበረች መንገድ ናት። በሩ ላይ ቆሜ ተጣራሁ።

"ኮቱ፣ ታኢ" አለኝ፤ ና፣ ተቀመጥ። ስለ በሬው አወራን፣ ስለ ሰብሉ ዋግ አወራን። ግድግዳው ጥግ ላይ የተጣጠፈ ሸራ አየሁ፤ አንድ ጥጉ ቀይ እራፊ ተጥፎበታል፤ የኔ ጓሮ ያለው ወንድም መሆኑ ነው። በመጨረሻ እንደምንም ተናገርኩት።

"ሆራ፣ ደቦ ልጠራህ ነው የመጣሁት።"

መሬት መሬቱን አየ። "ቤትህ ሰው አይፈልግም ሲሉ ሰማሁ" አለኝ።

"ይፈልጋል። ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም አልመጣም እያልኩ ስከፋ ነበር።"

"ዶክተር" አለኝ፤ እንዲህ የሚለኝ ሲቀልድ ብቻ ነው፤ "አንተ ሳትጠራ የማንን ላም አክመህ ታውቃለህ?"

ሳቅሁ፤ እሱም ሳቀ፣ ሳል እስኪይዘው። ጭድ ከአምናው ክምር አለኝ፣ ከነገ ጀምሮ እናቡካው አለ። ልነሳ ስል ወደ ቤቱ ፊት ለፊት ወሰደኝና የራሱን ሲሚንቶ አሳየኝ። "እስቲ ምታልኝ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። መታሁለት። መሀሉ ድፍን ነው፤ ጥጉ ባዶ ነው። ነገርኩት። ሚስቱ እንዳትሰማ ግን በእጁ አፌን ሊይዝ ምንም አልቀረው።

ከዚያ ሀጂራ ጋ፣ ከዚያም በየቤቱ ዞርኩ። ጉልበቴ አልተሰማኝም።

ጥቅምት 5

ደቦ።

ጉድጓዱ ዙሪያ የቆመውን ሰው ሳይ ገብቼ ደብተሬን ልይዝ ነበር፤ ከዚያ አፈርኩና ሱሪዬን ሰበሰብኩ። ጭቃው እንደሚገባው ሸቷል። ጉቱና ሆራ መሀል ገብተው ይረግጣሉ፤ ሆራ ዘፈን ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ሶረቲ ልጆቹን ይዛ መጥታለች፤ ሀጂራ የጭቃ አያያዝ ስታሳያት የሴቶቹ ሳቅ መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። ዘርፉም ከቢሮዋ መጥታ ፎቶ ልታነሳ ብላ ካሜራዋን ሰው አስይዛ ገባችበት። የበሰበሱት እንጨቶች ወጥተው አዲሶቹ ቆመዋል። ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ሆነ፣ የጓሮው በር አጠገብ ካለችው ቦታ በስተቀር።

ሀጂራ እዚያ ስትደርስ ጭቃውን በእጇ እንደያዘች ቆመች። ከሷ ጋር ሌላውም ቆመ።

"ዶክተር፣ የአማረችን ምን ላድርገው?"

ጉቱ መስታወት እናድርግበት ብሎኝ ነበር ከቀኑ በፊት፤ ዘርፉም ይቻላል ብላለች። ሌሊቱን ሳስብበት አደርኩ። ግን ዳሩን ሳይሸፍኑት የተዉት ጭቃ ውሃ ያስገባል፤ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። እሷም ብትሆን የአምናውን ምርጊት በየዓመቱ በራሷ እጅ ስትሸፍነው ነው የኖረችው።

ሸፍኚው አልኳት። ቀጥዬ ግን ቆይ አልኩ፣ እኔ ልሸፍነው።

ወንድ ይረግጣል እንጂ አያለሰልስም። ሴቶቹ አፋቸውን በክንዳቸው ሸፈኑ። ከሀጂራ እጅ ጭቃውን ተቀብዬ ከታች ወደ ላይ ሳብኩት። ቀዝቃዛ ነው። መስመሮቹ አንድ በአንድ ጠፉ፣ የትንሿ ጣት ክፍተትም ጠፋ። ስጨርስ ሀጂራ ራቅ ብላ አየችና በግ የላሰው ይመስላል አለች። ሆራ ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ይስተካከል እንዴ ብሎ ጮኸ።

"ተዉት፣ ለከርሞ እናስተካክለዋለን" አለች ሀጂራ።

አሁን ሁሉም ሄደዋል። ቤቱ የእርጥብ ጭቃ ይሸታል። ጉቱና ሶረቲ ልጆቹን ይዘው ሳሎን ተኝተዋል፤ ነገ ሲወርዱ የአማረች ጣቶች ያሉባትን ሲሚንቶ ይዘዋት ይሄዳሉ። ከነገ ወዲያ የሆራን ጥግ እንልጣለን፤ ለሚስቱ የምነግራት እኔ ነኝ።

የሆራ ጭድ ዛሬ አልቋል። ዘንድሮ ገብስ ሲወቃ ለከርሞ የሚሆን ከአሁኑ ማስቀመጥ አለብኝ።